የጾሙን አብዝቶ፣ የፍስኩን ለክቶ
የጓዳ ጥያቄና መልስ

ጥር አልፎ ሠርጉ ሲያልቅ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ ልኩ ይለወጣል። ወር ሙሉ «ለ300 ሰው ስንት ኪሎ ሽንኩርት?» ሲባል ቆይቶ፣ ድንኳኑ በወረደ ማግስት «ለሁለት ሰው ስንት ጭልፋ?» ይመጣል። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ለድግስ የሠራ ሰው ቢተርፈው ጎረቤት አለ፤ ለሁለት የሠራ ግን ያተረፈውን ወይ ራሱ ይበላዋል ወይ ይደፋዋል። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ደጋውም ቆላውም አለበት።

«ከተጋባን ሦስት ወራችን ነው። ሁለታችንም ሥራ ውለን ቤት የምንገባው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን እሑድ ብዙ ወጥ እንሠራለን። ማክሰኞ ማታ ገና ግማሹ አለ፤ ረቡዕ ጾም ነው፤ ሐሙስ ስንከፍተው ሽታው ተለውጧል። ዓርብ ደግሞ ደክሞን ስንገባ ጓዳው ባዶ ነው፣ ያው ሽሮ። ፍሪጅ አለን፣ ትንሽ በረዶ ቤት አለችው። ምን ይሻለናል?»
ጎጆ ወጪዎች፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው ቀን አቆጣጠራችሁ ላይ ነው። በሚጾም ቤት ትራፊ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የረቡዕ ምስር ሐሙስም ዓርብም ይበላል። የማክሰኞ ሥጋ ግን ረቡዕ አይነካም፤ ሐሙስ ካላለቀ ዓርብ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ሳምንት ሊሞላው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለ የበሰለ ምግብ የሚታመነው ደግሞ ለ3 ቀን፣ ቢበዛ ለ4 ነው። ስለዚህ የጾሙን አብዝታችሁ፣ የፍስኩን ለክታችሁ ሥሩ። እናንተ የምታደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ አብዛኛው አዲስ ጎጆም እንደዚያው ነው፣ ምክንያቱም እሑድ ስለሆነ እጅ ይዘረጋል። ለማይጾም ቤት ይህ አጥር የለም፤ የቀኑ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል።

ከመሥራታችሁ በፊት ምሳ ዕቃውን ቁጠሩ። እራት አቅዳችሁ ጠዋት ከድስቱ ሁለት ምሳ ዕቃ ከሞላችሁ የማታው እራት ሄደ ማለት ነው። በሳምንት ለሁለት ሰው 14 እራት አለ፤ ሁለታችሁም ምሳ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ሌላ 10 ምሳ ይጨመርበታል። በአንድ ሰው በአንድ ማዕድ አንድ እንጀራ ብንል 24፣ ለድንገተኛ እንግዳ 2 ጨምሩና 26። ይህን አንድ ጊዜ ከመጋገር 13፣ 13 አድርጎ ቅዳሜና ማክሰኞ ማታ መጋገር ይሻላል።

ቀጥሎ ቁሌቱ። በሥራ ቀን ማታ ጊዜ የሚበላው ሽንኩርት ማቁላላቱ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እሑድ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ውሃው እስኪመጥ 25 ወይም 30 ደቂቃ አቁላሉ። ከዚያ 1 ኩባያ ዘይት፤ ኩባያ ስንል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። ዘይቱ ከተዋሃደ በኋላ ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ 1 ኩባያ በርበሬ ጨምሩ። ውሃው ከበርበሬው መቅደም አለበት። ደረቅ ድስት ላይ የወደቀ በርበሬ በአንድ ደቂቃ ያርና ይመራል፤ የመረረ ቁሌት ደግሞ ስኳርም ቅቤም አያድነውም፣ ሳምንቱን ሙሉ ተከትሏችሁ ይዞራል። እየደረቀ ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ እያደረጋችሁ 40 ደቂቃ ያህል አብስሉት፤ መጨረሻ ላይ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ተወቅጠው ይግቡ። ዘይቱ ከዳር ከዳር ብቅ ሲል ደርሷል። ጨው አታድርጉ፤ እንደየወጡ ኋላ ይገባል። ቅቤም አታድርጉ። ቅቤ የነካ ማማሰያ እንኳ እዚህ ድስት ውስጥ አይግባ፤ የረቡዕንና የዓርብን እራት የሚሸከመው እሱ ነውና።

ይህ 5 ኩባያ ያህል ቁሌት ይወጣዋል። ሁለቱ ዛሬውኑ ሥጋ ወጥ ይሆናሉ። አንዱ ፍሪጅ ገብቶ ረቡዕን ይጠብቃል። ሁለቱን በየግማሽ ኩባያ ከፍላችሁ በንጹሕ ላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በረዶ ቤት አስገቡ፤ ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀልጣል፣ ቦታም አይፈጅም።

ሳምንቱ እንዲህ ይሄዳል። እሑድ ሦስት ሩብ ኪሎ ከአጥንቱ የጎድን ሥጋ በ2 ኩባያ ቁሌት፣ ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ። የእሑዱ እራት ሲነሳ የቀረውን ለሰኞና ለማክሰኞ በሁለት ዕቃ ክፈሉት፤ የማክሰኞው ከሰኞው ያነሰ ይሁን። ሰኞ ወጡ እንደ ወጥ ይበላል፤ ቀይ ወጥ በማግስቱ ይጣፍጣል የሚባለው እውነት ነው፣ ቅመሙ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ከአጥንቱ የወጣው ስብና ሙጫ መሰል ነገርም መረቁን ያወፍረዋል። ማክሰኞ የመጥረጊያ ማታ ናት፦ የቀረችው ወጥ፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ የቅዳሜው እንጀራ 2፣ ፍርፍር። ሥጋው ካለቀ ሁለት እንቁላል ይመታበት። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፍሪጃችሁ ውስጥ የበሰለ የፍስክ ምግብ መኖር የለበትም።

ረቡዕ 1 ኩባያ ቁሌት፣ 1 ኩባያ የታጠበ ምስር ክክ፣ 4 ኩባያ የፈላ ውሃ። በደብረ ብርሃን 35 ደቂቃ ያህል ጠብቁት። ይህ ለሁለት ሰው ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ግማሹ ለዓርብ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ለምሳ አትንኩት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ ግን የረቡዕ እራት ከሌላው ቀን ይልቅ ይከብዳል፤ ምስሩን 1 ኩባያ ተኩል አድርጉት፣ ጎን ለጎን ጎመን ወይም ድንች ይኑር።

ሐሙስ ምንም የማይተርፈው ነገር ይሠራ። 400 ግራም የሽንጥ ጥብስ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ወይም የገብስ ቂጣ ተጋግሮ በቅቤና በበርበሬ ጨጨብሳ። በመንዝና በጅሩ በኩል ቤተሰብ ያለው ሰው የገብስ ዱቄት አያጣም፤ ጨጨብሳ 20 ደቂቃ ነው። ዓርብ የረቡዕ ምስር ፈልቶ ይቀርባል፤ አጠገቡ ትኩስ ነገር አንድ ብቻ፣ ፎሶሊያ በካሮት ወይም ሰላጣ። ሽሮ ካሰኛችሁ ከበረዶ ቤቱ ግማሽ ኩባያ ቁሌት፣ ግማሽ ኩባያ ሽሮ፣ 2 ኩባያ ተኩል ውሃ። ቅዳሜ ገበያም አለ፣ ድካምም አለ፤ ከዓርብ የተረፈው ይበላል፣ ያልተነካው ቁሌት ለሚመጣው ሳምንት ይደር።

የተበላሸው የሐሙስ ወጣችሁ ሌላም ጥፋት ሳይኖርበት አይቀርም። ብዙ ሰው ድስቱን ከነክዳኑ ማታ ምድጃው ላይ ትቶት ያድራል፣ «ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ ናት» እየተባለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ውጭውን ያቀዘቅዘዋል፤ 5 ሊትር የሞላ ትኩስ ድስት ግን መሐሉ እስከ እኩለ ሌሊት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ቀን ደግሞ ጓዳው ይሞቃል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ የፍሪጁም ቅዝቃዜ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። ቶሎ እንዲበርድ ጥልቀቱ ከአራት ጣት በማይበልጥ ሰፋ ያለ ዕቃ ገልብጡት፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ ክደኑት። ትኩሱን ከከደናችሁት እንፋሎቱ ተመልሶ ወጡ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቶሎ የሚኮመጥጠው እዚያ ላይ ነው።

ስታሞቁ ደግሞ የዚያን ቀን ድርሻ ብቻ አውጡ። ድስቱን በሙሉ እያሞቁ መመለስ በየቀኑ እንደገና ማበላሸት ነው። ለብ ማድረግ አይበቃም፤ መሐሉ ሲፈላ በዓይን ይታይ፣ እያማሰላችሁ።

በዓለ ሃምሳ ሲሆን ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ይህ አቀማመጥ ይላላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ለቅበላ የገዛችሁትን ሥጋ በቅበላው ጨርሱት ወይም ጥሬውን ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ። የተነጠረ ቅቤ ደረቅ ማንኪያ እየገባበት እስከ ፋሲካ ይቆያል። እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ይሻግታል።

«ባለቤቴ ያደረ ወጥ አልበላም ይለኛል። እናቱ ቤት በየቀኑ ትኩስ ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ በየቀኑ መሥራት አልችልም።»
ዓለም ከተማ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁሉም ያደረ ምግብ አንድ አይደለም፤ ባለቤትዎም ምናልባት የጠሉት አንዱን ዓይነት ነው። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ ምስር ወጥ ሲያድሩ ይጣፍጣሉ። ሽሮ ሲያድር ይጠጥራል፣ ያን ሲያሞቁት ይጓጉላል፤ ጥብስ ሲያድር ይደርቃል፤ ጎመን ይጠቁራል፤ ቲማቲም ቁርጥ ያለበት ፍትፍት ውሃ ይተፋል። እነዚህን አራቱን ለዕለቱ ብቻ ይሥሩ፣ የቀሩትን ያሳድሩ።

የግድ ያደረ ሽሮ ካለ በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨምሩበት። ግማሽ ኩባያ ውሃ በሌላ ድስት አፍልተው ሽሮውን በማንኪያ እየቆረሱ ያስገቡት፣ ሳያቋርጡ ያማስሉት። ያደረ ጥብስ በራሱ አይሞቅም፤ አንድ ቲማቲምና ቃሪያ ተቁላልቶ፣ ሩብ ኩባያ ውሃ ገብቶበት፣ ጥብሱ መጨረሻ ላይ ይገባና በ1 እንጀራ ጥብስ ፍርፍር ይሆናል። የምስር ወጥ ትራፊ ወፈር ካለ በዱቄት ሊጥ ተጠቅልሎ ሳምቡሳ ይወጣዋል፤ ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ ውሃው እስኪመጥ ድስት ላይ ያቆዩት፣ አለበለዚያ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። የድንችና የካሮት አልጫ በ3 ኩባያ ውሃ ፈጭተው በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ካፈሉት ሾርባ ነው፤ ለዓለም ከተማ ሳይሆን ለመንዝ ብርድ ይሻል ነበር፣ ግን ክረምት ላይ እናንተም ጋ አይጠላም።

አንድ ነገር ግን ሳይጻፍ አይታለፍም፦ እናታቸው ቤት ምሳም እራትም የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ነበር። ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤት ሁለት ሰው ጓዳ ይገባል። ሽንኩርት ክተፋውን ለእሳቸው ይስጡ። 2 ኪሎ ሽንኩርት በእጁ ከትፎ ያየ ሰው ያደረ ወጥ አይንቅም።

«እንጀራችን በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ነጭ ነጥብ ብቻ ሲሆን ቆርጠን እንበላለን፣ ችግር አለው? ፍሪጅ የለንም።»
ሸዋ ሮቢት

መልስ፦ አለው። በዓይን የሚታየው ነጥብ ጫፉ ነው፤ እንደ እንጀራ ባለ እርጥብና ዓይን ባለው ምግብ ውስጥ ክሩ ከነጥቡ ርቆ ይሄዳል። ነጥብ የወጣበት እንጀራ በሙሉ ይጣል፤ ለዶሮም አይሰጥ። ከላይና ከታች የነካውን እንጀራ ገልብጣችሁ በብርሃን እዩት።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፣ ከደብረ ብርሃን በታች ከ1,500 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ የደጋ ሰው ለአራት ቀን የሚያስቀምጠውን እንጀራ እናንተ ጋ ለሁለት ቀን ተኩል ብትሉ ነው። ለሁለት ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 8 ወይም 9 እንጀራ ጋግሩ። ሊጡም እናንተ ጋ ቶሎ ይቦካል፤ ደጋ ሦስትና አራት ቀን የሚፈልገው ቆላ በሁለት ቀን ይደርሳል።

ቶሎ የሚያሻግተው ብዙ ጊዜ አደራረቡ ነው። ትኩሱ እንጀራ በትኩሱ ላይ ሲነባበር እንፋሎቱ መውጫ ያጣና መሶቡ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። እያንዳንዱ ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ ለብቻው ይቀመጥ፣ እጅ ሲነኩት ሙቀት እስኪያጣ፤ ከዚያ ብቻ ይደረብ። መሶቡን ወይም ዕቃውን ከመሙላታችሁ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፀሐይ አስነኩት፤ የትናንቱ ፍርፋሪ ከታች ከቀረ የነገውን የሚያሻግተው እሱ ነው። አዲሱን አሮጌው ላይ አታድርጉ። ላስቲክ ውስጥ ከከተታችሁት አፉን አትቋጥሩት። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ እንጀራ አታውጡ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነጥቡ ሁሌ ከጠርዙ የሚጀምርባችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ እጃችሁን ተጠራጠሩ።

እንጀራው በሁለተኛው ቀን ገና ንጹሕ ሳለ ለሦስተኛው ቀን እንደማይበላ ካወቃችሁ ድርቆሽ አድርጉት። በእጅ ቆራርጣችሁ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት፣ ስስ ጨርቅ አልብሱት፣ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል። ሲሰበር ቀጭ ሲል ደርሷል፤ መሐሉ ከታጠፈ ገና ነው፣ እንዲያ ሳለ ጣሳ ውስጥ ከገባ እዚያው ይሻግታል። የ2 እንጀራ ድርቆሽ ለሁለት ሰው የአንድ ማታ ፍርፍር ነው፤ ከትኩስ እንጀራ ይልቅ አንድ ተኩል እጥፍ መረቅ ይጠጣል፣ ስለዚህ ውሃውን አትሰስቱ።

ፍሪጅ ሳይኖር ቆላ ላይ ሥጋ ወጥ ማሳደርን አንመክርም። ማታም ጠዋትም እያፈሉ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ማፍላቱ ተሕዋሲያኑን ቢገድልም አንዳንዶቹ ቀድመው የለቀቁትን መርዝ ግን አያጠፋውም። ሥጋ የሚበላበት ቀን ሩብ ኪሎ ተገዝቶ በዚያው ይለቅ። የቀረውን ሳምንት በደረቅ ጓዳ ኑሩ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቋንጣ። ቋንጣውን ደጋ ያለ ዘመድ ቢያደርቅላችሁ ይሻላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ንፋስ፣ 1 ኪሎ ቀይ ሥጋ በጣት ውፍረት ተዘልዝሎ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ዝልዝሉ እርስ በርሱ ሳይነካካ ሳምንት ያህል ይሰቀላል። በሐምሌና በነሐሴ አይሞከርም፤ ከመድረቁ በፊት ይሸታል።

«አተር ክክ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥደነው አልበስል አለን። ሲሊንደሩን ጨረሰው። እራት በሌሊት ሆነ።»
መሐል ሜዳ

መልስ፦ ከፍታው ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እናንተ ጋ 90 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ እሳቱን ብታበዙትም ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ክኩን ጠዋት ስትወጡ ዘፍዝፉት። ቲማቲምም፣ ሎሚም እስኪለሰልስ አይግቡ፤ የኮመጠጠ ነገር ክኩን ያጠነክረዋል። አሮጌ እህል ከሆነ ለ500 ግራም ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይረዳል፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል።

በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ለመንዝ ቅንጦት አይደለም፤ ሙሽሮችን ምን እንስጣቸው ለሚል ዘመድ ይህን ንገሩት። የተዘፈዘፈ ክክ መፉጨት ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከግማሹ በላይ አትሙሉት፤ ጥራጥሬ ይኮረፍፋል፣ አረፋው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገሉት።

ደግሞም በአንዴ 500 ግራም ቀቅሉ፣ ምንም ሳይገባበት። ግማሹ የዛሬ አልጫ፣ ግማሹ በረዶ ቤት ገብቶ የሚመጣው ዓርብ ክክ ወጥ። ሲሊንደሩ የሚተርፈው እዚያ ላይ ነው።

«የተረፈ ሩዝና መኮሮኒ ማሳደር ይቻላል?»
አረርቲ

መልስ፦ መኮሮኒ ይቻላል፣ ሁለት ቀን፤ ዘይት ጠብ ይበልበት። ሩዝ ግን ከሌላው ይልቅ ይጠንቀቁት፤ ቀቅለውት ጠረጴዛ ላይ ከሰነበተ በማሞቅ የማይጠፋ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ፣ በማግስቱ ይለቅ። ምንጃር ቁጭ ብሎ፣ ጤፍ ደጃፍ ላይ እያለ ሩዝ ለምን እንደሚበዛ ግን አልገባንም።

«መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ስንት ሰዓት ይቆያል?»
ደብረ ሲና

መልስ፦ ካልከፈቱት ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ለብቻው ያለ፣ ጢም ብሎ የሞላ ማቀዝቀዣ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ግን ይህን አትችልም። መብራት የሚጠፋባችሁ ሰፈር ከሆነ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ ጠርሙሶች ሙሉት፣ በረዶ ሆነው ይጠብቁላችኋል፤ አንገታቸው ድረስ ግን አይሙሏቸው፣ ሲረጋ ይሰነጥቃቸዋል። 4 ሰዓት ካለፈ መጀመሪያ የሚጣለው የበሰለ ሥጋ፣ ዓሣና ወተት ያለበት ነው። ስልጆ ኮምጣጣ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ይታገሣል።

«አማቴ ሰፈራቸው ቅርብ ነው። እሑድ እሑድ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ይልካሉ፣ 12 እንቁላል ያለው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ለሁለት ሰው ነው። ማስቀየም አልፈልግም፣ መድፋትም ኃጢአት ነው።»
ደብረ ብርሃን

መልስ፦ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ይከፋፍሉት። መጀመሪያ እንቁላሎቹን ያውጡ። የተቀቀለ እንቁላል በረዶ ቤት ሲገባ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ሲቀልጥም ውሃ ይተፋል፤ ስለዚህ እሑድ 4፣ ሰኞ 4፣ ማክሰኞ 4 አድርጋችሁ ከፍሪጅ ጨርሷቸው። የማክሰኞዎቹ ተቆራርጠው ፍርፍር ላይ ይሁኑ።

ከሥጋው ለእሑድና ለሰኞ የሚበቃችሁን፣ 5 ወይም 6 ብልት፣ ይያዙ። የቀረውን ሁለት ሁለት ብልት ከ2 ጭልፋ መረቅ ጋር በየዕቃው አድርገው፣ በርዶ ሲያበቃ፣ በረዶ ቤት። ሥጋው በመረቁ ይሸፈን፤ ከመረቁ ብቅ ያለው ይደርቃል፣ ሲሞቅም ገለባ ይላል። ዕቃው ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ከወር በኋላ ሁሉም ቀይ በረዶ ይመስላል። ለሐሙስ የሚፈልጉትን ረቡዕ ማታ ወደ ፍሪጁ ያውርዱት እንጂ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ትተውት አይውጡ፤ ውጩ ቀልጦ መሐሉ በረዶ ሆኖ ይውላል፣ የሚበላሸው ውጩ ነው። አንዴ የቀለጠ ተመልሶ አይገባም።

መረቁ ብቻ ከተረፈ እሱ ወርቅ ነው። 2 ጭልፋ የዶሮ መረቅ፣ 1 ኩባያ ውሃ፣ የሁለት እንጀራ ድርቆሽ፤ ላዩ ላይ ትኩስ አይብ። ረቡዕ እንዳይሆን ብቻ።

አማትዎን «አይላኩ» አይበሏቸው። ድስቱን ግን ታጥቦ እስከ ሐሙስ ይመልሱ፣ ባዶውንም አይመልሱ፦ የረቡዕ ምስር አብዝተው ሠርተው የለ? ከዚያው በአነስተኛ ድስት ሁለት ጭልፋ ይሙሉላቸው፣ ዓርብ ይበሉታል። የድስቱን ልክ ያዩታል። በዚያው ጊዜም «እማዬ፣ ዶሮውን አብረን ብንሠራው፣ እኔም አወጣጡን ልማር» ይበሏቸው፤ ቅዳሜ አብረው የገነጠሉት ዶሮ 12ቱ ብልት ለሁለት ቤት ይከፈላል፣ እንቁላሉም ስድስት ስድስት ይሆናል።